የትምህርት ቤት ፍሬ፤ የዳግማዊ ምኒልክና የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች ደቀ መዛሙርት ሥራና መከራ

የአንድ ትምህርት ቤት ክብሩ በምን ይታወቃል? በሕንፃው ስፋት ነውን? ወይስ በመምህራኑ ዝና? ዛፍ በፍሬው እንዲታወቅ፥ ትምህርት ቤትም የሚታወቀው ከደጁ በወጡት ልጆች ሥራ ነው። የልጆቹም ሥራ በሹመታቸው ቀን ብቻ አይመዘንም፤ ይልቁንም አገር በተጨነቀችበት በፈተናው ቀን ይመዘናል። ስለዚህ በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ፥ በአዲስ አበባ ከተሠሩት ከሁለቱ ቀደምት ትምህርት ቤቶች ስለ ወጡት ደቀ መዛሙርትና ስለ ጓደኞቻቸው በአጭሩ ልጽፍ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ምናልባት ከምእመናን አንዱ «ይህ የከተማው ታሪክ ለአቃቂ ሰው ምኑ ነው?» ይል ይሆናል። መልሱ በደጃችን ያለው ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አቃቂ የደረሰው አዲስ አበባ ከመግባቱ ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ሲሆን፥ ወደ ከተማው የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበረ። ከዚያ ወዲህ ወደ እስክንድርያ፥ ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ሎንዶን ለትምህርት በባቡር የተላከ ልጅ ሁሉ፥ የእንጦጦ ተራራ ወደ ኋላው እየራቀ በአቃቂ አልፎ ሄደ። ተምሮ ሲመለስም ከተማው ሳይታየው በፊት ያየው የአቃቂን ሜዳ ነበረ። አያቶቻችን ቆመው ያዩት ባቡር ጨውና ቡና ብቻ የጫነ አልነበረም፤ የኢትዮጵያንም ተስፋ ጭኖ ይመላለስ ነበር።

ስለ አዲሱ ትምህርት ከመናገሬ በፊት ግን፥ አገራችን ከዚያ በፊት ትምህርት ያልነበራት የሚመስለው ሰው እንዳይኖር አንድ ነገር ማስታወስ ይገባኛል። በንባብ ቤት ፊደል ቈጥሮ፥ በዜማ ቤት ድጓ አጥንቶ፥ በቅኔ ቤት ቅኔ ተቀኝቶ፥ በመጻሕፍት ቤት ትርጓሜ የሰማ ሊቅ፥ አኵፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ለምኖ እየበላ የተማረ ሰው ነው። ንጉሥ የሚያማክረው፥ ዜና መዋዕል የሚጽፈው፥ ዳኛውን ፍትሐ ነገሥት የሚያሰማው ይኸው ሰው ነበረ። ኋላ እንደምናየው፥ በአዲሱ ትምህርት ከታወቁት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ አስቀድመው የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ።

የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፥ ከውጭ መንግሥታት ጋራ የሚደረገው መልእክትና ውል እየበዛ ሄደ። ቋንቋ የሚያውቅ፥ ሒሳብ የሚሠራ፥ ውል መርምሮ ስሕተቱን የሚያገኝ ያገር ልጅ ግን ጥቂት ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ የውጫሌን ውል ምክንያት ያልረሱ ንጉሥ ነበሩና፥ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት አቆሙ። በዚያ ዘመን ብዙ ካህናት የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖትን ያስለውጣል ብለው ይፈሩ ስለ ነበር፥ መምህራኑ ከግብጽ ከቅብጥ ኦርቶዶክሳውያን ወገን እንዲመጡ ተደረገ። በዚህም ጥበብ ፍርሃቱ በረደ፤ ልጆቹም ከአማርኛና ከግእዝ ጋራ የውጭ አገር ቋንቋ ይማሩ ጀመር።

በዚያ ትምህርት ቤት ከተቀመጡት ልጆች መካከል ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ መኰንንና ከእርሳቸው ጋራ ያደጉት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ከዚያው የተማሩት መኰንን እንዳልካቸውም ከ1935 እስከ 1950 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል፤ በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቃል ኪዳን በተመከረበት ጉባኤ የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደዋል፤ መጻሕፍትም ደርሰዋል። እንግዲህ ከአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት ክፍሎች ንጉሥም፥ አርበኛም፥ ደራሲም ወጣ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም በተራቸው፥ ከስድስት ኪሎ በላይ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፥ በገዛ ገንዘባቸው ሌላ ትምህርት ቤት አሠሩ፤ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ተመረቀ። በምረቃውም ቀን መኳንንቱ እንደዚሁ ትምህርት ቤት እንዲያቆሙ አሳሰቡ። ተማሪዎቹ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይማሩበት ነበር። ትምህርት ቤቱን በመጀመሪያ ከተቈጣጠሩት ሰዎች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የእኒህ ሰው ታሪክ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ይኸውም በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወስዶ አሳደጋቸው፤ በዚያም የሕክምና ጥበብ ተምረው፥ ኋላ አገራቸውን ፈልገው ተመለሱ። አገሩንና ዘመዱን በሕፃንነቱ ያጣ ሰው ያገሩን ልጆች ለማስተማር መመለሱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱና ከሌሎችም ትምህርት ቤቶች ተመርጠው ብዙ ልጆች ወደ ውጭ አገር ተላኩ። አንዳንዱ ሕግ፥ አንዳንዱ ምሕንድስና፥ አንዳንዱ የጦር ጥበብ ተማረ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ብንያም በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና አጠኑ። ክፍሌ ነሲቡ በፈረንሳይ አገር ሳን ሲር በተባለው በታወቀው የጦር ትምህርት ቤት ሠለጠኑ። ስንዱ ገብሩ የተባሉትም ሴት ልጅ በስዊስ አገር ተምረው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የተማረ ልጅ ያለው ቤተሰብ ኵራቱ ብዙ ነበረ፤ ነገር ግን የፈተናው ቀን እጅግ ቀርቦ ነበር።

በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስተማሪዎቹ ቪኪንግ ታም በተባለ ሻምበል የሚመሩ የስዊድን መኰንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹም ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የኢጣልያ ጦር መጣ። በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ማይጨው ላይ የተዋጋው ሠራዊት ከተፈታ በኋላ፥ እነዚህ ልጆች ጠላትን ጣርማ በር ላይ ለማገድ ወጡ። የመኪናና የአውሮፕላን ኃይል ያለውን ጦር ጥቂት ተማሪ ሊመልሰው አልቻለምና ወደ ኋላ ተመለሱ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ በአቃቂ በሚያልፈው ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በሦስተኛውም ቀን፥ ሚያዝያ 27፥ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

በዚህ ጊዜ ለተማረው ወጣት ሦስት መንገድ ነበረው፤ መሰደድ፥ ማደር፥ ወይም መዋጋት። ቋንቋ ስለሚያውቅ ለጠላት ቢያድር ኖሮ ደመወዝና ሹመት ባላጣም ነበር። ብዙዎቹ ግን ወደ ነቀምቴ ወረዱ፤ በዚያም የከብት ሐኪም በሆኑት በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቆሙ። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ሕግ ነበረው። በሕጉም የጦር አለቃው ለማኅበሩ አመራር እንዲታዘዝ፥ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛ እንዳይጐዳ፥ አባል የሆነም ሰው አገሩን ትቶ እንዳይሰደድ ታዘዘ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል፤ መንግሥት በፈረሰበት፥ ስንቅም በጠፋበት ወራት እነዚያ ወጣቶች ከጠመንጃ አስቀድመው ሕግ ጻፉ። ከትምህርት ቤት ያገኙት ዋናው ስንቅ ይህ ይመስለኛል።

በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ሜዳ ባረፉ ጊዜ፥ የሆለታ ተማሪዎች በሌሊት ወጥተው ማልዮኮ የተባለውን ጄኔራልና ጓደኞቹን ገደሉ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ራስ እምሩ መሪያቸው ሆኑ። የክረምቱ ዝናብና የመንገዱ ርቀት፥ የጥይቱም ማለቅ አደከማቸው፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡና እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ደሴት ተጋዙ። ከወጣቶቹ ግን ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ቀናቸውን ይጠብቁ ጀመር።

ያም ቀን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሆነ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሰይፍና እሳት ወረደ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱትን 30,000 ብሎ ገልጧል፤ ከታሪክ ጸሐፊዎችም ከዚህ ያነሰ ቍጥር የሰጡ አሉ። ከሦስቱ ቀን በኋላም ግድያው አላቆመም፤ የተማረ ወጣት ሁሉ ለጠላት አስጊ ነው ተብሎ ይፈለግ ነበርና። ክፍሌ ነሲቡ ተገደሉ፤ ከጥቁር አንበሳ መሪዎች አንዱ የነበሩት ኮሎኔል በላይ ኃይለ አብ ተገደሉ፤ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ብንያም ተገደሉ። አባታቸው በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ይከራከሩ ነበር። አንድ ሰው በሕፃንነቱ በጦርነት ወላጆቹን አጥቶ፥ በሽምግልናው ደግሞ በጦርነት ልጆቹን አጣ።

መከራው በአዲሱ ትምህርት ልጆች ላይ ብቻ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ድርሻውን ከፈለ። በደብረ ሊባኖስ የተማሩትና በ1921 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ጋራ የተሾሙት አቡነ ጴጥሮስ፥ ለጠላት እንዲገዛ ሕዝቡን አላዝም ስላሉ፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ። አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ይህንኑ ጽዋ ጠጡ። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተፈጁ። ጠላት ራሱ በቴሌግራም ያመነው ከ400 በላይ ነፍስ ሲሆን፥ ኋላ የመረመሩ ሊቃውንት ወደ 2,000 ያደርሱታል። ጠላት ከቈጠራቸው ውስጥ 129ኙ ዲያቆናት ነበሩ። ዲያቆን ማለት ደግሞ፥ ካህናት እንደምታውቁት፥ ገና በመማር ላይ ያለ ልጅ ማለት ነው። እንግዲህ የተፈሪ መኰንን ተማሪና የደብረ ሊባኖስ ተማሪ፥ ፈረንሳይኛ ያጠናውና ድጓ ያጠናው፥ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ጠላት እጅ ወደቁ። በሕይወታቸው ሳሉ «የጥንት ትምህርት»፥ «ያዲስ ትምህርት» እየተባለ ተለያይተው ነበር፤ ሞት ግን አንድ አደረጋቸው።

ከሞት የተረፉት ጥቂቶቹ ምን ሠሩ? ሐዲስ ዓለማየሁን እንመልከት። በጎጃም ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በዲማና በደብረ ወርቅ የቅኔና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩ በኋላ፥ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። በጦርነቱ ከራስ እምሩ ጋራ ዘምተው ተማረኩ፤ ወደ ኢጣልያም ተጋዙ። ከግዞት ከተመለሱ በኋላ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር አምባሳደር፥ ባገር ውስጥም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። ይሁን እንጂ ስማቸውን ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የቅኔ ቤቱን ደቀ መዝሙር ሕይወት፥ የቈሎ ተማሪውን ረኃብና ጨዋታ ያገኝበታል። የአዲሱ ትምህርት የመጻፍ ጥበብ ሰጣቸው፤ የሚጻፈውን ነገር ግን አስቀድሞ የሰጣቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበረ። የጦርነቱንና የግዞቱንም ነገር «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈው ትተውልናል። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

ስንዱ ገብሩም የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ልጅ ባይሆኑ የዚያው ትውልድ እኅት ናቸው። ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋራ ተሰልፈው ተማረኩ፤ አዚናራ ወደምትባል የኢጣልያ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ በእቴጌ መነን ስም የተሠራውን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በዲሬክተርነት መሩ፤ በ1950 ዓ.ም. በተደረገውም ምርጫ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሆኑ። ከእስር ቤት የወጣ ሰው በቀልን ሳይሆን ጥቁር ሰሌዳን መምረጡ፥ ይህም የትምህርት ፍሬ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በተመለሱ ጊዜ፥ መሥሪያ ቤት ቢከፈት የሚቀመጥበት የተማረ ሰው አልተገኘም፤ ስለዚህ ከውጭ አማካሪዎችና መምህራን መጥራት ግድ ሆነ። የአንድ ትውልድ መጥፋት ምን ያህል ጕዳት እንዳደረሰ ያን ጊዜ በግልጥ ታየ። ትምህርት ቤቶቹ ግን ተከፈቱ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1938 ዓ.ም. ገደማ ከካናዳ ለመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን ተሰጠ፤ አለቃቸው አባ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. ለተከፈተው ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንደዚህም በ1917 ዓ.ም. የተተከለው ችግኝ ለከፍተኛው ትምህርት ሥር ሆነ።

ከዚህ ከሁለተኛው ትውልድ ሁለት ሰዎች ብቻ ልጥቀስ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ዲቁና ከተቀበሉ በኋላ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቀጥለውም በሕንድና በአሜሪካ አጠኑ። የምድርን ነገር በዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ፥ ረኃብ ከዝናብ ማጣት ብቻ ሳይሆን ገበሬው አቅም አጥቶ ከመኖሩ የሚመጣ መሆኑን መርምረው ጻፉ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ለሰብኣዊ መብት የሚቈም ጉባኤ አቋቋሙ፤ ስለ ተናገሩትም ታስረዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ይድነቃቸው ተሰማም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ፤ በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የኳስ ቡድን አሠልጥነው የአፍሪካን ዋንጫ አስገኙ፤ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው፥ ጥቁሩን ከነጩ የሚለየውን የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ከጨዋታ ሜዳ ለማራቅ ታገሉ። ትምህርት ቤት ሊቅ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለም ሰው ያወጣል።

ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ጽፎ ማለፍ ግን እውነተኛ ታሪክ አይሆንም። የመጀመሪያውን ትውልድ የፈጀው የውጭ ጠላት ነበረ፤ ሁለተኛውን ግን የፈጀነው እርስ በርሳችን ነን። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት 60 ያህል ሹማምንት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ከእነርሱም ውስጥ የመኰንን እንዳልካቸው ልጅ፥ እርሳቸውም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት እንዳልካቸው መኰንን ይገኙባቸዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የወደቁት ደግሞ በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. እናቶች በጠላት ምክንያት እንዳለቀሱ፥ በዚህ ጊዜ ደግሞ በገዛ ወንድም ምክንያት አለቀሱ። አንዲት አገር በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተማረ ልጇን ከቀበረች፥ ለምን ወደ ኋላ ቀረች ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለአቃቂና ለቃሊቲ ምእመናን የሚተርፈው ምንድር ነው? ከላይ ስማቸውን የጠራኋቸው ጥቂቶች በመጽሐፍ ስለ ተጻፉ ታወቁ። በጣርማ በር የቆሙት ተማሪዎች፥ 129ኙም ዲያቆናት አብዛኞቹ በስም አይጠሩም። መምህራቸው በልጅነታቸው ስማቸውን ይጠራ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ግን የሚጠራቸው ጠፋ። ሰው ከሞት በኋላ ዳግመኛ የሚሞተው ስሙን የሚጽፍለት ሲያጣ ነው።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በዚህ ደብር ዐውደ ምሕረት ፊደል የቈጠሩ፥ በዚህም ሰፈር ትምህርት ቤቶች የተማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ካህን የሆነ፥ ሐኪም የሆነ፥ በፋብሪካ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ፥ በባሕር ማዶ የሚኖር፥ በጦር ሜዳ የቀረ አለ። ሰበካ ጉባኤው አንድ መዝገብ ቢያዘጋጅ፥ የእያንዳንዱን ስም፥ የተማረበትን ዓመት፥ የመምህሩን ስምና የሠራውን ሥራ ቢጽፍበት፥ ከዚህ በዓል የሚቀረው ትልቁ ቅርስ እርሱ ይሆናል። ሲጻፍም ሹመት ያገኘው ብቻ አይጻፍ፤ ደኅና አናጢ፥ ታማኝ መጋዘን ጠባቂ፥ ልጆቿን ብቻዋን ያስተማረች እናት ከእርሱ ጋራ ይጻፉ። ሽማግሎች ገና በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ የእነርሱ ትዝታ ካለፈ መዝገቡን የሚሞላው የለምና።

የቀድሞዎቹን ደቀ መዛሙርት ነፍስ እግዚአብሔር ያሳርፍልን። ዛሬም በየማለዳው ደብተሩን ይዞ በሐዲዱ ዳር የሚያልፈውን ልጅ፥ ተምሮ ለአገሩ የሚኖር እንጂ በትምህርቱ ምክንያት የሚሞት አያድርግብን። አሜን።